በቪዲዮው ላይ እንደ ባጃጅ የምትጮኸው ልጅ እኔ ነኝ

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። በሕይወቴ ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ነው፤ እዚህም ቢሆን ላይክ አድርጌ ዝም የምል ሰው ነኝ። ኮመንት አልጽፍም። የልብ ምልክት መላክ ራሱ ያሳፍረኛል!

ዛሬ ግን ዝም ብዬ ማደር አልቻልኩም።

ከጠዋት ጀምሮ ስልካችሁ ላይ የምትዞር አንዲት ልጅ አለች። ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች። ዓይኗን ጨፍና፣ ባዶ አየር ላይ መሪ ይዛ፣ አንገቷን አስግጋ «ኽርርርር-ቋ! ኽርርርር-ቋ!» የምትል።

አይታችኋታል። ስቃችሁባታል። አንዳንዶቻችሁማ «እይው፣ በሳቅ ትሞቻለሽ» ብላችሁ ለእኔው ልካችሁልኛል!

እኔ ነኝ።

በቃ፣ ወጣልኝ።

አሁን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እንጅባራ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጇ የወንድሜ ነበረች፤ እሱ ሚኒባስ መንዳት ሲጀምር ለእኔ አስረከበኝ። ከእኔ በፊት ብዙ ክረምት ከርማለች። የእኛን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከጀመረ ማቆም አያውቅም።

«ዓይናፋር ሰው ባጃጅ ይነዳል ወይ?» ትሉ ይሆናል።

ኧረ ለዓይናፋር ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም! ተሳፋሪው ከኋላዬ ነው፤ ፊቴን አያየኝም። «ወራጅ» ይላል፣ አቆማለሁ፣ ይወርዳል። ሰው ሳላናግር ቀኑ ይመሽልኛል።

ከወር በፊት ግን ባጃጇ መናገር ጀመረች።

መጀመሪያ ጉሮሮዋን እንደምትጠርግ ነበር። ከዚያ እንደሚያንኮራፋ ሰው። ቀጥሎ ተሳፋሪ ሞልቼ መንገድ ላይ ስታጠፍ ከሥር የሆነ ነገር «ቋ!» ማለት አመጣ። ባዶዋን ስትሆን ዝም። ሰው ሲሞላባት ማንኮራፋት። ልክ የሚያያት ሰው ሲኖር የምትቀብጥ ይመስል!

«ለምን ጋራዥ አልወሰድሻትም?» ትሉኛላችሁ።

ወሰድኳት እንጂ! አራት ጊዜ ወሰድኳት። ስደርስ ወንዶቹ ሁሉ ከሥራቸው ቀና ብለው ያዩኛል። አንዱ «ምን ልታዘዝ እህት?» ይላል። እኔም የምለው ይጠፋኝና «ጎማ ላስነፋ ነው» እላለሁ።

አራት ጊዜ ጎማ አስነፋሁ። በአዊ ዞን የእኔን ያህል የተነፋ ጎማ ያለው ባጃጅ የለም!

ይሄ ሁሉ ሲሆን የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነበር። ጠዋትና ከሰዓት የማመላልሳቸው አምስት የኬጂ ሕፃናት አሉኝ። እናቶቻቸው አምነውኝ ነው የሰጡኝ። ትምህርት ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው፤ ስንመለስ ቁልቁለቱን ወርደን ወደ ቀኝ እንታጠፋለን። በየቀኑ እዚያች መታጠፊያ ላይ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ግን ጎማ ማስነፋቴን ቀጠልኩ።

ዛሬ ጠዋት ተራዬን ይዤ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴትዮ ሸቀጧን አቅፋ መጣችና አንድ እግሯን ካስገባች በኋላ አየችኝ። «ውይ! ይቺ የምታንኮራፋዋ አይደለችም?» ብላ እግሯን መልሳ አወጣች። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ላይ ገባች። ቀጥለው የመጡትም ተከተሏት።

ተራ አስከባሪያችን አያ ይርዳው ነው። ድምፁ ያለ ማይክ ገበያ ድረስ ይሰማል።

«አንቺ ልጅ! ወይ ይሄን ድምፅ ዛሬ ታስጠፊዋለሽ፣ ወይ ነገ ከዚህ መስመር እንዳላይሽ! ሰው ሸሸን እኮ!»

መስመሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፊቴ በርበሬ መስሎ ቀጥታ ጋራዥ ሄድኩ።

ሜካኒኩ «ጎማ?» አለኝ ገና ሳልወርድ። ለምዶኛላ!

«አይ... ድምፅ አላት» አልኩ።

አስነስቶ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረባት። እሷ ሆዬ ጭጭ! ባዶዋን ናታ።

«ደህና እኮ ናት። ምን ዓይነት ድምፅ ነው?»

«እንዲያው... ድምፅ።»

«እህቴ፣ ሐኪም ቤት ሄደሽ "ያመኛል" ብለሽ ዝም ትያለሽ? እሺ በአፍሽ አሰሚኝ።»

በአፌ!

ጋራዡ ሞልቷል። የባጃጅ ሾፌሮች፣ የሚኒባስ ሾፌሮች፣ ትንሽ ነጭ መኪናዋን ለሦስተኛ ጊዜ መልሳ ያመጣችና «ዛሬ ካልሠራችሁልኝ ከዚህ አልነቃነቅም» እያለች የምትጨቃጨቅ አንዲት ባለመኪና። ሁሉም ጨዋታውን አቁሞ እኔን ይጠብቃል።

«ክር» አልኩ።

«አልሰማሁም!»

«ክርር።»

«ይሄማ የድመት ነው!» አለ አንዱ። ተሳቀ።

ያኔ ነው አምስቱ ልጆች ፊቴ ድቅን ያሉብኝ። ዛሬም ጎማ አስነፍቼ ልሄድ ነው? ዓይኔን ጨፈንኩ። መሪውን በሐሳቤ ያዝኩ። ልጆቹን ጫንኩ። ቁልቁለቱን ወረድኩ። ታጠፍኩ።

«ኽርርርርርር-ቋ! ኽርርርርርር-ቋ!»

እንዲህ ያለ ድምፅ ከእኔ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም!

ዓይኔን ገለጥኩ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሳቁ ወረደ። አንዱ መፍቻው ከእጁ ወድቆ ግድግዳ ይዞ ነበር የሚስቀው።

ሳቁ ሲበርድ ጉባኤ ተጀመረ። «ክላች ነው!» አለ አንዱ። «ሂድ! ክላች እኮ ጅጅጅጅ ነው የሚለው!» አለ ሌላው። «ከጭስ ማውጫው ከሆነ ግን ቡርርር-ጣ ይላል።» «እስቲ እንደገና በይው እህት?» ሁሉም በየአፉ እየጮኸ አንድም የተነሳ ሞተር ሳይኖር ጋራዡ በሞተር ድምፅ ተሞላ።

የጭስ ማውጫው ወገን አሸነፈ። አንዲት ብሎን አጠበቁና «ጨርሰሻል፣ ሂጂ!» አሉኝ። አመስግኜ በረርኩ።

ባለ ነጭ መኪናዋ ሴት ስልኳን ከፍ አድርጋ መያዟን ልብ አላልኩም።

ስድስት ሰዓት ላይ ሁለት ልጃገረዶች ጫንኩ። ከኋላ ይንሾካሾካሉ። «እሷ ናት።» «አይደለችም!» «ሻሹን እይዋ!» በመጨረሻ አንዷ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«እህትዬ፣ በሞቴ አንዴ ኽርር-ቋ በይልን?»

ስልኩን ሰጠችኝ። አየሁት።

መሬት አልተከፈተችልኝም እንጂ ብትከፈት ከነባጃጄ እገባ ነበር።

ልጃገረዶቹን አውርጄ መንገድ ዳር ባሕር ዛፎች ሥር ጥግ ያዝኩና ነጠላዬን ተከናንቤ ኮመንቶቹን ማንበብ ጀመርኩ። አታንብቢ ብባልስ መቼ እሰማለሁ?

«ይህች ልጅ ባጃጅ ዋጠች እንዴ?»

«ለሰርጌ ድምፃዊ አገኘሁ!»

ወረድ ሲል ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። «ሳቁ እንጂ የእኔም ሚኒባስ ሦስተኛ ማርሽ ላይ እንዲሁ ነው የምትለው» ይላል የጥሊሊ ሰው። «የእኔ ጠዋት ሲነሳ እንደ አሮጊት ይስላል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ይሻለዋል» ይላል ሌላው። «የእኔ ሲጢጥ የምትለው አማቴን ስጭን ብቻ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?» «አዲስ ናት ተብዬ ገዛኋት፣ ሳምንት ሳይሞላት መቃተት ጀመረች።» «የእኔ መኪና ምንም ድምፅ የላትም። አትነሳማ!»

በዚህችኛዋ እኔም ሳቅሁ። ነጠላዬ ውስጥ ሆኜ።

ያኔ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። ሊያላግጥብኝ ነው ብዬ ተውኩት። ደግሞ ጮኸ። ደግሞ። ሰባት ጊዜ! በመጨረሻ ድምፁን አጠፋሁት።

ይህችን ሰባት ጊዜ ያዙልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ደረስኩ። አምስቱንም ጫንኩ። ገና ሳንርቅ ከሥር «ኽርርር» ጀመረች። ብሎኗ ጠብቃለች፣ ምንም አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«እትዬ፣ ባጃጇ ራባት?» አለችኝ ትንሿ ልጅ።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስደርስ አያ ይርዳው መሀል መንገድ ላይ ቆሟል! ከተራው ድረስ ሮጦ መጥቶ ልብሱ በላብ ርሷል። እጁን ዘርግቶ ይጮኻል። በአንድ እጁ ስልክ ይዟል።

እሱም ቪዲዮውን አይቶ ሊስቅብኝ ነው አልኩ። በጎኑ አልፌው ልወርድ መሪዬን ሁሉ አዙሬ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ቀርፋፋ ነኝ! ቀድሞ መሪውን ጨበጠው።

«ለምንድነው ስልክ የማታነሺው አንቺ! እንኪ፣ አናግሪ!» ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

የሽማግሌ ድምፅ ነው። እርጋታው!

«ልጆች ጭነሻል?»

«አዎ።»

«ሞተሩን አጥፊ ልጄ። ልጆቹን አንድ በአንድ አውርጂ። ከዚያ እናወራለን።»

በአዊኛ፣ በቤታችን ቋንቋ ነበር የተናገሩኝ። ከተማ ውስጥ በአማርኛ ሲያናግሩኝ እንደምፈራው አልፈራሁም፤ አባቴ ያዘዘኝ ያህል እጄ ቁልፉን አጠፋ።

ጋሼ ፈንታሁን ይባላሉ። ዳንግላ ውስጥ የቆዩ ሜካኒክ ናቸው። የልጃቸው ልጅ ይሳቁ ብላ ቪዲዮውን ላከችላቸው። እሳቸው አልሳቁም። ደጋግመው አዩት። ከዚያ እንጅባራ ያሉ ሾፌሮች ጋ እየደወሉ ቁጥሬን አፈላለጉ። ደወሉልኝ። እኔ ደግሞ ሰባት ጊዜ አላነሳሁላቸውም! ቢቸግራቸው ለአያ ይርዳው ደወሉ።

«አሁን የግራውን የኋላ ጎማ ከመሬት አንሱና ወዝውዙት» አሉ።

በመንገዱ የሚያልፉ ሾፌሮች ተሰብስበው ባጃጇን በጎኗ ከፍ አደረጓት። አያ ይርዳው ጎማውን በአንድ እጁ ያዘና ገፋ አደረገው።

ሊነቀል እንደደረሰ የወተት ጥርስ ወዲህ ወዲያ አለ።

ጥቁር ግራሶ ከብረት ፍርፋሪ ጋር መሬት ላይ ተንጠባጠበ። ኩሽኔታው፣ ጎማው የሚሽከረከርበት ብረት ማለት ነው፣ ውስጥ ውስጡን ተፈጭቶ አልቋል።

ማንም አልሳቀም። ሁላችንም ቁልቁለቱን አየነው፣ ከዚያ መንገድ ዳር ቆመው ዳቧቸውን የሚበሉትን አምስት ልጆች አየናቸው።

እኔ እዚያው አፈር ላይ ቁጭ አልኩ።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?» አልኩ ስልኩን እንደያዝኩ።

«ሌሎቹ አፍሽን ነው ያዩት። እኔ እጅሽን አየሁ። ቋ ባልሽ ቁጥር መሪውን ወደ ቀኝ ታጥፊ ነበር። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ የሚያርፈው ግራ ጎማ ላይ ነው።»

እጄን ማዞሬን አላወቅሁም ነበር። አሁን ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩት። እውነታቸውን ነው። በአፌ መናገር ያቃተኝን ለካ እጄ ይናገር ኖሯል።

ልጆቹን አያ ይርዳው እጅ ለእጅ አያያዛቸውና በእግራቸው አወረዳቸው፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። አምስቱም ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ አንድ ላይ «ኽርርርር-ቋ!» እያሉ ወረዱ። ዜማ ሆኖላቸዋል!

የትንሿ ልጅ እናት «ምን አስተምረሽብኝ ነው?» ብላ መጣች። አያ ይርዳው ነገራት። የተንሸራተተውን ሻሼን በሁለት እጇ አስተካክላ አሰረችልኝና ልጇን ታቅፋ ሄደች።

እንግዲህ ምስጋናዬ ይሄ ነው።

ባለ ነጭ መኪናዋ እህቴ፣ ሳታስፈቅጂኝ ቀርጸሽኛል። ስድስት ሰዓት ላይ ረግሜሻለሁ። እርግማኑን አንስቻለሁ። ቪዲዮውን አታጥፊው! መኪናሽንም ዳንግላ ውሰጃት።

የጋራዡ ወንድሞቼ፣ አልተቀየምኳችሁም። አራት ጊዜ ጎማ ብቻ ያሳየኋችሁ እኔ ነኝ።

የሳቃችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትስቁ ሼር አታደርጉም፤ ሼር ባታደርጉ ዳንግላ አይደርስም። ሳቃችሁ አምስት ልጆች አትርፏል። ነገም ሳቁብኝ፣ ፈቅጃለሁ!

ግን እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ኖሮ፣ አንድ ቀን ሕዝብ ፊት አፉን ሲከፍት የሚለው «ኽርርርር-ቋ» ነው?

ይሄን ከመጻፌ በፊት ጋሼ ፈንታሁን ጋ ደወልኩ። ለማላውቀው ሰው ስደውል የመጀመሪያዬ ነው። ነገ ኩሽኔታውን በመጀመሪያው ሚኒባስ ለሾፌሩ ሰጥተው ሊልኩልኝ ነው፤ የሚገጥምልኝን ሰውም ነግረውልኛል። እኔም የምላቸውን ቃል በቃል አጥንቼ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ባይደውሉ...» ብዬ ስጀምር ግን ድምፄ እንደ ልማዱ ሟሟ። ቀሪው በሹክሹክታ ወጣ።

እሳቸውም ሳቅ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ምን አልሽ ልጄ? አልሰማሁሽም። እንደ ጠዋቱ ጮክ በይና ንገሪኝ!»