ስድስት የሆነችው ፍየል

የቀበሌ ቤት ኖራችሁ ታውቃላችሁ? ከኖራችሁ፣ ግድግዳ ላይ ሚስማር ለመምታት እንኳን ማመልከቻ እንደሚያስፈልግ አልነግራችሁም። ካልኖራችሁ ደግሞ አላህ ይጠብቃችሁ። ወይም ይስጣችሁ። በዚህ የቤት ኪራይ ዘመን የቱን ብዬ እንደምመርቃችሁ ግራ ገብቶኛል።

እኛ ከሚሴ ውስጥ አንድ ግቢ የምንኖር ስድስት ቤተሰቦች ነን። አንድ ረጅም ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ስድስት በር ከፊት፣ ስድስት በር ከጓሮ። ጎረቤት ሲያስነጥስ "የርሐሙከላህ" የምንለው ከአልጋችን ሳንነሳ ነው።

ውላችን ላይ ብዙ ክልክል አለ። አንዱ ከብት ማርባት ነው። የጥጓ ቤት ባለቤት እትዬ ዘይነባ ግን ከሰንበቴ ገበያ አንዲት ነጭ ፍየል ገዝተው መጡ። ልንቆጣቸው ተሰብስበን ሄድን። ሻይ በወተት አቀረቡልን። ጠጥተን ተመለስን። ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ሻይ በጥቁሩ የጠጣ የለም።

አንድ ማለዳ የቤት ተቆጣጣሪው ጀማል ሳይታሰብ ከች አለ። ጀማል ክፉ ሰው አይደለም፤ መዝገብ ሲይዝ ብቻ ነው ፊቱ የሚለወጥበት። ፍየሏ ከተገኘች እትዬ ዘይነባ ቤቱን ሊነጠቁ ነው። ባል የላቸው፣ ትውልድ አገራቸው ጨፋ ተመልሰው የሚገቡበት ጎጆ የላቸው። እውነቴን ነው፣ ሆዴ ባባ። ምን እናድርግ? እሱ በፊት በር ሲገባ ፍየሏን በጓሮ በር ወደ ቀጣዩ ቤት እናሳልፍ ጀመር።

ፍየሏን አንድም ጊዜ አላያትም። ግን ደንግጣ ነበር። የደነገጠች ፍየል በየደረሰችበት ምን እንደምትጥል መቼም ታውቃላችሁ። ጀማል በየቤቱ ትኩስ በጠጥ አገኘ። ስድስት ቤት፣ ስድስት ፍየል ብሎ መዝግቦ ሄደ።

በሳምንቱ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣ። ስድስቱ ፍየሎች ተቆጣጣሪው እያየ ከግቢው ካልወጡ፣ ስድስታችንም ቤቱን እንድንለቅ ይላል።

"ያ ረቢ!" አሉ እትዬ ዘይነባ። "አንዷንስ አወጣለሁ፤ አምስቱን ከየት አመጣለሁ?"

አንዲት ናት ብለን እውነቱን እንዳንናገር፣ ስንደብቅ ከርመናል። እና ምን መጣልን መሰላችሁ? የጓሮ አጥራችን ቀዳዳ አለው። አስጠግኑልን ብለን ስንት ጊዜ አመልክተናል! ተመስገን፣ አልተጠገነም።

ቀኑ ደረሰ። ጀማል በሩ ላይ ቆመ። ፍየሏ በዋናው በር ወጣች። ፈረመ። በቀዳዳው አስገብተን ጆሮዋን ከሰል ቀብተን አወጣናት። ፈረመ። ጆንያ አለበስናት፣ ፈረመ። ቀንዷ ላይ ሻሽ አሰርንላት፣ ፈረመ። አምስተኛም ጊዜ ወጣች፣ ፈረመ። የጀማል ሞኝነት ገርሞን ሳቃችንን መያዝ አቃተን።

በስድስተኛው ዙር ፍየሏ ደከማትና በሩ ላይ ተኛች። እትዬ ዘይነባ ከፊት ሆነው "ኮቱ፣ ማሎ፣ ኮቱ!" እያሉ እንድትመጣ በኦሮምኛ ለመኗት። ወይ ንቅንቅ! እኔ ላብ በላብ ሆንኩ። አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቶን ስድስት ቤት ልናጣ?

ጀማል ወዲያ ወዲህ አየ። መዝገቡን ብብቱ ስር ሸጎጠና ከኋላዋ ዞሮ ፍየሏን በሁለት እጁ ይገፋት ጀመር።

"አይዞሽ የኔ እናት፣ ይቺ የመጨረሻሽ ናት" አላት።

ስድስተኛውንም ፈረመ። ከዚያ ገብቶ ተቀመጠና ሻይ ጠየቀ። ወተቱ ይብዛበት አለ።