ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጡት ሙሴ ኦክታቭ

ሌላ ሰው ሲነዳ ከጎኑ ተቀምጦ ዝም የሚል ሾፌር እስከ ዛሬ አልተፈጠረም። አንዱ ፍሬን ያለ ይመስል ወለሉን ይረግጣል፣ ሌላው በሩን ጨምቆ ይይዛል። የእነዚህ ሾፌሮች ማኅበር ሊቀ መንበር ግን ክቡር ሙሴ ኦክታቭ ነበሩ፤ አሥራ ስምንት ዓመት በመኪና የተሽቀዳደሙ ፈረንሳዊ፣ በፈረንጆቹ 1984 አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ባለችው ታከር ውስጥ ለሐበሻ ስደተኞች መንዳት በነጻ የሚያስተምሩ።

ወይንሸት እጃቸው ላይ ከወደቀች አምስት ወሯ ነው። ሙሴ የሕይወት ታሪካቸውን የሚተርኩት መንገዱን ተከትለው ነው። ቀይ መብራት ላይ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው የአባታቸውን የዳቦ መኪና ሰርቀው የነዱበት ቀን ይመጣል። አቀበት ላይ በዝናብ ያሸነፉት ውድድር። ኩርባ ላይ ደግሞ ግራ ዓይናቸውን ያጠፋው ግንብ፤ እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ፓርክ ስታደርግ ባለቤታቸውን ያነሳሉ። ለጎማ ፋብሪካ መኪና ሊሞክሩ ጆርጂያ መጡ፣ እሷን እዚሁ ቀበሩ፣ በዚያው ቀሩ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለመውረድ አይቸኩሉም።

"ፈተና ልግባ?" ስትላቸው መልሳቸው አንድ ነው። "ገና ነሽ።" መስታወት ብታይም ገና ናት፣ ሁለት መኪና መሃል ሳትነካ ብትገባም ገና ናት።

በዚህ መሃል ደንዉዲ በሚባል ሰፈር፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ተገኘላት። አውቶቡስ አይደርስም። እስከ ሰኞ የመንጃ ላይሰንስ ካላመጣች ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"አንቺ ደሞ" አለቻት አብራት የምትኖረው ገበያነሽ። "ካንቺ በፊት ዘጠኝ ሰው አስተምሯል። ላይሰንሱን ካወጣ በኋላ ተመልሶ ቪዚት ያደረገው ማን አለ? እኔስ ሄጃለሁ? ብቻውን ነው እኮ፣ ለዛ ነው የማይለቅሽ።"

ሐሙስ ዕለት ሳትነግራቸው ሄዳ ተፈተነች፣ አለፈች። ደስ ሊላት ሲገባ የሰው ዕቃ የሰረቀች መሰላት።

ቅዳሜ በገበያነሽ መኪና ሄደች። ሙሴ ኮታቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ይጠብቋታል። ላይሰንሷን ሰጠቻቸው። ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠግተው አዩትና መለሱላት።

"ጎበዝ። እንግዲህ ጨርሰናል።"

"አልጨረስንም፣ ይግቡ። ዛሬ ላዞርዎት ነው የመጣሁት።"

አትላንታን ዙሪያዋን ወደሚከባት ወደ 285 አውራ ጎዳና ገባች። ሙሴ አልተናገሩም። ሌይን ስትቀይርም አልተናገሩም። ተቀይመውኛል አለች በልቧ። ይቆጡኝ ብላ ምልክት ሳታሳይ አንድ ከባድ መኪና ቀደመች፤ አሁንም ዝም። ዓይኗን ከመንገዱ መንቀል ስለፈራች ዞራ አላየቻቸውም።

ከተማዋን ዞረው ወደ ታከር ሲጠጉ መኪናው ሁሉ ቀጥ አለ፤ ያን ጊዜ አየቻቸው። ከእሳቸው በስተቀር በዓለም ላይ መንዳት የሚያውቅ የለም የሚሉት ሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

ወይንሸት በጣም እንደምትወዳቸው አወቀች። መንገዱ ሲከፈት የታከርን መውጫ ቀስ ብላ አልፋ፣ ከተማዋን ለሁለተኛ ጊዜ መዞር ጀመረች።