ሰባት ቤት የተቆጠረለት ታንጎ

መንግሥት ያለ አዋጅ፣ ሰፈር ያለ ኮሚቴ አይጸናም። የሚጠራጠር ካለ ወደ ሰፈራችን ወደ ቃታሞኒም ብቅ ብሎ የኛን ኮሚቴ ይይ። እኔም ከአባላቱ አንዱ ስለሆንኩ መመስገን አልወድም፤ ግን እውነት አይደበቅም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ኢየሩሳሌም ውስጥ ታንጎን ከነውር ያዳንነው እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ እኛ ከጎንደር የመጣነው ከአገሩ ሕዝብ ጋር ቶሎ እንድንዋሃድ አሰበና ጭፈራ ይማሩ ብሎ ወሰነ። የማንን ጭፈራ? የአርጀንቲናን ታንጎ! አስተማሪው ኤሊያሁ የሚባል ከቦነስ አይረስ የመጣ ቀጭን ሰውዬ ነው። እሱ ለምን ተመረጠልን ብለን ብንጠይቅ፣ "የሚኖረው ኢትዮጵያ መንገድ ላይ ነው፣ ሕዝባችሁን አሳምሮ ያውቃል" ተባልን። እውነት ነው፣ ጠዋት ጠዋት እዚያ ያለውን የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል። እኛ አይሁድ ነን ብለን ልናስረዳ አስበን ነበር፤ በጀቱ ጸድቋል ሲሉን ተውነው።

በመጀመሪያው ቀን ኤሊያሁ የሰፈሩ አዳራሽ መሃል ቆመና "ትከሻ አይነቃነቅም" አለ።

"ታዲያ ምኑ ይነቃነቃል?" አለ አንዱ ከኋላ።

"እግር። ሴቲቱን ደረት ለደረት አቅፋችሁ ቀስ ብሎ መራመድ ነው።"

እናቶች ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

"ስትጋብዟት ደግሞ አትጠሯትም። ከማዶ ሆናችሁ ዓይን ዓይኗን ታያላችሁ። እሷም ካየቻችሁ አንገት ነቅነቅ ታደርጋላችሁ፣ አለቀ።"

ልጆቻችን ጨዋ ያሳደጋቸው ናቸው፤ የሰው ልጅ ዓይን ዓይኑን አያዩም። ያን ዕለት ወለሉን ያልጋበዘ ወንድ አልነበረም።

ከሁሉ አጥብቆ ወለሉን ያየው ዘመነ ነው። ዘመነ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ አጠገብ ካለ ሱቅ ፍራሽ እየተሸከመ ከተማው ዳር እስካለው እስከ ጊሎ ድረስ የሚያደርስ ጎበዝ ነው። ወደ አዳራሹ ያመጣው የአርጀንቲና ፍቅር አልነበረም፤ የተናኜ ፍቅር ነው። ተናኜ ሆስፒታል የምትሠራ፣ መልሷ የማይዘገይ ሳቂታ ልጅ ናት። ሊያገባት ይፈልጋል፣ ፊቷ ሲቆም ግን ምላሱ ይታሰራል። ሳይናገሩ ማቀፍ የሚፈቀድበት ትምህርት መጣ ሲባል ሰማይ የወረደለት መሰለው።

ኮሚቴያችን ግን ተኝቶ አልነበረም። ሰብሳቢያችን አባ ተፈራ፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሰፈሩን ሥነ ምግባር ያገቡ ሰው ናቸው። ዘር ቆጠራ ላይ የሚስተካከላቸው የለም። ሰባት ቤት ሳይሞላ በኛ ዘንድ እንደማይጋቡ የታወቀ ነው፤ ያንን ሰባት ቤት ሽቅብ ቆጥረው "ተጋቡ"፣ "አትጋቡ" የሚሉት እሳቸው ናቸው። በአስቸኳይ ስብሰባው ላይ ብድግ ብለው ጠየቁን።

"ሰው ባዳ ሴት አቅፎ ቢሄድ ምን ይባላል?"

"ነውር!" አልን ባንድ ድምፅ።

"እህቱን አቅፎ ቢሄድስ?"

"ናፍቆት!"

"በቃ፤ ታንጎ ለዘመድ ብቻ ይሁን።"

በጭብጨባ ጸደቀ። ከዚያ ወዲያ ኤሊያሁ ካሴቱን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል፤ አባ ተፈራ በር ላይ ወንበር ዘርግተው ይቆጥራሉ። መጨፈር ያማረው ሁሉ ዘመድ ይገኝለታል። እንዲህ ያለ መዋሃድ እንኳን መሥሪያ ቤቱ፣ ማንም አልሞ አያውቅም።

ዘመነና ተናኜ በቀረቡ ጊዜ ግን ነገሩ ጠጠረ። እሱ የሰሜን ሰው፣ እሷ የበለሳ። አባ ተፈራ ቢወጡ ቢወርዱ የሚገናኙበት ጠፋ።

"ባዳ ናችሁ።"

"አባ፣ በሞቴ! ትንሽ ከፍ ይበሉ።"

"ከዚህ በላይ ከፍ ካልኩ እኮ ኖኅ ቤት ልገባ ነው።"

ዘመነ ጉልበታቸውን ስሞ አልለቀቀም። እሳቸውም ሆዳቸው ባባና ዓይናቸውን ጨፍነው ከስድስተኛው ቤት ላይ ለሁለቱም አያት የምትሆን ውዱ የምትባል ሴት አገኙ። "ደስ ይበልህ፣ እህትህ ናት!" አሉት። ወንድም በእህቱ እንዲያ ሲፈነድቅ አይቼ አላውቅም።

የፍራሽ ሸክም ለካ ትምህርት ቤት ኖሯል! ዘመነ ሲያቅፍ ሳያጨናንቅ፣ ሲዞር ግድግዳ ሳይነካ፤ ተናኜም ዓይኗን ጨፍና ትከተለዋለች። ክረምቱ ሲያልፍ ተዋደዱ። ምላሱም ተፈታና አባ ተፈራ ፊት ቀረበ።

"አባ፣ ተናኜን በሽምግልና እንዲጠይቁልኝ ነው የመጣሁ።"

"እህትህን?! ወይ ጉድ!"

"እህቴ ያደረጓት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ቆጠርኩ እንጂ እኔ አልወለድኳት። ደም ነው ልጄ፣ ደም።"

ዘመነ እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አንጀቴን በላው፤ ግን ኮሚቴ አንጀት የለውም።

አባ ተፈራ ለተናኜም አሰቡላት። "ይቺ ልጅ ሳታገባ ልትቀር ነው። ለመሆኑ በሰፈሩ ለሷ ባዳ የሆነ ወንድ ማን ተረፈ?" አሉን። ብናስብ ብናስብ ሁሉም ጨፍሮ ዘመድ ሆኗል። "እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ የእግዜር ፈቃድ ከሆነ ምን ይደረጋል" አሉ፣ እጅግ አዝነው።

ነጠላችንን አጣፍተን ለሽምግልና ወደ ተናኜ ቤት ሄድን። ሰብሳቢ ናቸውና እሳቸውም አብረውን ገቡ። የተናኜ እናት መሬት መሬት ታያለች። ተናኜ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"አባ፣ እርስዎ ለኔ ምኔ ነዎት?"

"ባዳሽ ነኝ ልጄ! ሰባት ቤት ጥርት ያለ ባዳ!"

"ባዳ አቅፎ ቢሄድ ምን ይባላል ብለው ነበር?"

እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ "ነውር" አልኩ።

"እንግዲያውስ ጥሩ" አለች ተናኜ። "እርስዎ ያግቡኝ፤ የሚያቅፈኝ ወንድሜ ዘመነ አለ።"

አባ ተፈራ የዝንብ ጭራቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፣ ኮርኒሱን ብዙ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩና፣ "ለመሆኑ የዘመነ ስድስተኛ ቤት ማን ነበረች ያልኳችሁ? እስቲ እንደ አዲስ ልቁጠር" አሉ።