የጋሽ ይስማው ግማሽ ለስላሳ

በሽታን ማወቅ ሌላ፣ አፍን መግዛት ሌላ። «ስኳር አለብህ» የተባለ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደ መናኝ የሚኖር ይመስላችኋል? እኔም ይመስለኝ ነበር፤ ጎረቤታችንን ጋሽ ይስማውን እስካውቅ ድረስ። የፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ስለ ስኳር በሽታ ሲያስረዱ ብትሰሟቸው ሐኪሙ ራሱ ደብተር ይዞ ይቀመጣል። ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያስረዱት የክርስትና ኬክ እየገመጡ ነው። «ሐኪሙ ፈቅዶልኛል» ይላሉ፣ ክሬሙ ጢማቸው ላይ እንዳለ።

ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ ጠባቂያቸው ሆነ። አለቃዋ ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ፣ ምክትሏ እኔ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ጥዬ ጀልባ ነጂ ለሆንሁት ለእኔ የመጀመሪያ ሹመቴ መሆኑ ነው።

አንድ ጠዋት ጋሽ ይስማው ዘጌ ተሻግረው ጠበል ሊጠጡ መጡ። እትዬ ደብሬ እስከ ወደቡ ሸኝተዋቸው «አደራህን፣ ጣፋጭ እንዳታስነካቸው» አሉኝ። ፌስታላቸውን ብፈትሽ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ።

«ሲስተሯ ናት ይዘህ ሂድ ያለችኝ» አሉ።

«ኬኩንም ሐኪሙ ነበር የፈቀደልዎ፣ ጋሼ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ጠርሙሷን ወሰድሁ። ወስጄ ብቻ ብተው ምን ነበረበት? ፀሐዩ ከረር ብሎ ነበርና ሞተሩን እያስነሳሁ ግማሹን ጨለጥሁት። የቀረውን ከወንበሬ ሥር ሸጎጥሁ።

ሐይቁን ስናጋምስ ጋሽ ይስማው ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ካሉ ነገር አለ። ዞር ብል ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ለስላሳዋን ስጠኝ።»

«አደራ በላ አያድርጉኝ።»

«ስጠኝ፣ አንተ ውሻ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። አጠገባቸው የተቀመጡት መሪጌታ «ልጄ፣ እንዳትሰማቸው። መርዛቸውን ነው የሚለምኑህ» አሉ። ሁሉም በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። አያችሁ፣ ለስኳር በሽተኛ ስኳር እንደማይሰጥ የማያውቅ አንድም ሰው ጀልባዋ ላይ አልነበረም። ሁላችንም እናውቅ ነበር። በእውቀታችን ልንገድላቸው ነበር።

ድንገት ብድግ አሉ። ጀልባዋ ዘመመች። «የፋብሪካው ጡሩምባ ተነፋ፣ ልግባ» ብለው አንድ እግራቸውን ወደ ውኃው አነሱ። መሪጌታ ሸሚዛቸውን ጨምድደው ያዟቸው፤ እኔም ሞተሩን አጥፍቼ ዘልዬ ወገባቸውን አቀፍሁ። ስንታገል ከኪሳቸው የክትትል ካርዳቸው ወደቀ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ «ካላበኝ፣ ከተንቀጠቀጥሁ ወይም ከቀባዠርሁ ቶሎ ጣፋጭ አጠጡኝ።»

«ጋሼ፣ ጠዋት መርፌዎን ወስደዋል?»

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቁርስስ?»

የመለሱልኝ መሪጌታ ናቸው። «ጠበል የሚሄድ ሰው በልቶ ይሄዳል እንዴ?»

መርፌው በባዶ ሆድ ስኳራቸውን ከልክ በታች አውርዶታል ማለት ነው። ጠርሙሷን ከወንበሬ ሥር መዘዝሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ጠርሙስ የጎደለ ነገር አይቼ አላውቅም። ትንሽ በትንሽ አጠጣኋቸው፤ አለቀች። ከዚያ መጠበቅ ነው። ጀልባዋ ሞተሯ ጠፍቶ ትዋልላለች፣ መሪጌታ በለሆሳስ ይደግማሉ፣ እኔ ጠብታ ከቀረ ብዬ ባዶዋን ጠርሙስ እገለብጣለሁ።

ቆይቶ ዓይናቸው ተመለሰ። እኔን አዩ። ባዶዋን ጠርሙስ አዩ።

«ሙሉ ነበረች» አሉ።

ሞተሬን አስነሳሁ። ዘጌ እንደደረስን መሪጌታ ራሳቸው ዳቦ ገዝተው፣ አጠገባቸው ቆመው አበሏቸው። ጠበሉ ለሌላ ቀን ተላለፈ።

ከዚያ ወዲህ ለስላሳ ከወንበሬ ሥር አይጠፋም፤ እኔም አልነካውም። ሹመቴ ግን ከበደኝ። ጋሽ ይስማው ማስረጃ አግኝተዋላ። ሰርግ ቤት ኬክ ብቅ ሲል እጃቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሮጬ ግንባራቸውን እዳስሳለሁ፤ ላብ ካለ አጎርሳለሁ፣ ደረቅ ከሆነ እነጥቃለሁ። ዘዴዬ ጥሩ ነበር። ግን በባሕር ዳር ሙቀት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሸራ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ግንባሩ የማያልበው ማን አለ?