የትሏ ወንፈል

[ፎገራ ሜዳ፣ የሩዝ አውድማ። ውቂያው አልቋል። ከአራት ጎረቤት በወንፈል የመጡ አራት በሬዎች አንገት ላንገት እንደታሰሩ ቆመዋል። ባሕር ዳር የሚማረው ሰውመሆን ስለ ትል ያጠናውን ለማስረዳት ነገ ለሁለተኛ ጊዜ መምህራኑ ፊት ይቀርባል፤ ከወደቀ ትምህርቱ አበቃ። ሁለት እጁ የጥናቱን ወረቀት ይዟልና የበሬዎቹን ገመድ ጫፍ ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎታል። አጎቱ አያ ማረው በቀዬው «ዘገምተኛው» ይባላሉ፤ ለመቆጣት እንኳ ሳምንት ይፈጅባቸዋል።]

ሰውመሆን፦ አልፈታም አልኩዎት! ውኃም እንደታሰሩ ይውረዱ።

ማረው፦ አራቱም?

ሰውመሆን፦ ምን አለበት? መሪውን «ሂድ» ማለት ነው። የኔ ትልም የምትኖረው እንዲሁ ነው።

ማረው፦ ትልህ በሬ አላት?

ሰውመሆን፦ ኤዲያ! ዘረመል ነው ያላት። ድቡልቡል ትል ውስጥ አንዳንዶቹ ዘረመሎች ተከታትለው ይደረደራሉ። ፊት ላይ አንድ ማስጀመሪያ አለ፤ እሱ ሲነሣ ሁሉም አብረው ይቀዱና አንድ ረጅም ቅጂ ይወጣል። ገባዎት?

ማረው፦ ገባኝ። ወንፈል ናቸው።

ሰውመሆን፦ [ሳቁን እያፈነ] ይሁንልዎት።

ማረው፦ ሥራቸውስ አንድ ነው?

ሰውመሆን፦ የለም፣ ለየራሳቸው ነው።

ማረው፦ እንግዲያ ረጅሙን ቅጂ ማን ይፈታዋል?

ሰውመሆን፦ እንዴት ይፈታዋል?

ማረው፦ ቦራው በሬ የያየህ ነው፤ ዳለቻው የሰብለ ወንጌል። ሳይፈቱ ማን ቤት ሊገቡ ነው?

ሰውመሆን፦ [ፊቱ አመድ መስሎ] አያ... ይህን ማን ነገርዎት? አምና የጣሉኝ በዚሁ ጥያቄ ነው! [ወረቀቱን ያተራምሳል] ይኸው፣ የዘለልኩት ገጽ! «ረጅሙ ቅጂ በየዘረመሉ ይቆረጣል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ራስ ላይ መሪ የሚባል አጭር ቅጥያ ይቀጠልለታል። ለኋለኞቹ የሚቀጠለው ከፊተኛው ይለያል።»

ማረው፦ ታዲያስ። ፈትተህ ለየበሬው የራሱን መሳቢያ ገመድ ታስርለታለህ። የመሪው መሳቢያማ ለብቻው ነው። ይህም ይጻፋል?

ሰውመሆን፦ ሦስት ዓመት ነው የፈጀብኝ!

ማረው፦ እኔስ አርባ ፈጅቶብኛል። ዘገምተኛ አይደለሁ።

ሰውመሆን፦ ልብረር! የባሕር ዳሩ መኪና ከወረታ ሳይነሣ...

[በሬዎቹ ውኃ ሸቷቸው ወደ ርብ ወንዝ ይነቃነቃሉ። ሰውመሆን አንድ እርምጃ ወደ ወረታ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ወንዙ ይሄዳል።]

ሰውመሆን፦ አያ! አያ ማረው! ምን ያዘኝ?

ማረው፦ [ቀስ ብለው እየተነሡ] ቁም የእህቴ ልጅ። ከሁሉ በፊት አምስተኛውን ልፍታው።