ቢጫው አልማዝና የኦቦ ቱፋ ዓይን

ሰው በቢጫ ላይ ለምን እንደሚጨክን አይገባኝም። ቅቤ ሲሆን ቢጫውን ይመርጣል። ጠጅ ሲሆን ብርሌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ቢጫነቱን ያወድሳል። ነጠላው ቢጫ ካለ ግን በእንዶድ ይፈጀዋል፤ ጥርሱ ቢጫ ካለ ከንፈሩን ገጥሞ ይስቃል። የማሩንማ ተዉት፤ ነጩ እያለ ቢጫውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? አትፍረዱበት፤ እኔም አንድ ጊዜ ይኸው በሽታ ይዞኝ ነበር። ሚስቴን ሳላገባት ላጣት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ጃንሆይ ዘውድ በጫኑ በአራት ዓመቱ ነው በአምስት፣ እዚያ ገደማ ነው። ያኔ አዳማ ማለት ባቡር ጣቢያው፣ ከፊቱ የተደረደሩት የግሪክና የአረብ ሱቆች፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ግራርና አቧራ ነው። እኔ ጣቢያው ላይ የጭነት ሚዛን ጠባቂ ነበርኩ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ የአጎቷን አህዮች እየነዳች መጣች። ጫልቱ ትባላለች። እህሏን መዘንኩላት። ሚዛኑን አየችና ሚዛንህ ያዳላል አለችኝ። የመንግሥት ሚዛን አያዳላም አልኳት። ጆንያውንና ድንጋዩን አቀያይረህ መዝን አለችኝ። አቀያየርኩ። ያዳላል። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ልጅ ወይ ትጠላታለህ ወይ ታገባታለህ፤ ሌላ መንገድ የለውም።

አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጓት አጎቷ ኦቦ ቱፋ ናቸው። ከአርሲ ነገሌ ገበያ እህል እየሰበሰቡ አዳማ ጣቢያ ድረስ የሚያወርዱ ነጋዴ ነበሩ። ዓይናቸው አያድርስ ነው። ጤፍ መዳፋቸው ላይ ዘርግተው እፍ ሲሉበት ሻጩ ላብ ያልበዋል። ስንዴ ይነክሳሉ፤ ባቄላ ይነክሳሉ፤ አዲስ የመጣ ሰው ሲጨብጣቸው እጁን ቶሎ የሚመልሰው ወዶ አይደለም።

የዛሬ ልጆች ጥሎሽን እንደ ጨዋታ ታዩታላችሁ። ያኔ ችሎት ነበር። ሙሽራው ያመጣው ሁሉ ሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ ይዘረጋል፤ የሴቷ ወገን ያገላብጣል፤ ካልወደደው ውሰዱልን ይላል። ኦቦ ቱፋ መቂ ላይ የዘመድ ልጅ ሲድሩ ያደረጉትን ሰው ሁሉ ያወራው ነበር። ለሙሽራይቱ የመጣውን ጥላ ዘረጉት አሉ። ደጅ ይዘውት ወጡ። ከሥሩ ቆመው ወደ ፀሐይ እያዩ ብል የበላውን ቀዳዳ መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሙሽራው ወገን ሌላ ጥላ ፍለጋ በፈረስ ሲጋልብ፣ ወጡ ሁለት ጊዜ ሞቀ። ያ ሙሽራ እስኪያረጅ ድረስ «ባለጥላው» እየተባለ ነው የኖረው።

እንግዲህ እኔ ለእኚህ ሰው ምን ይዤ ልሂድ? እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ እትዬ አስካለ ናት። ጣቢያው ፊት ባለው የግሪክ ሆቴል ብዙ ዘመን ወጥ ሠርታለች። የሆቴሉ እመቤት ወደ አገሯ ስትመለስ የአልማዝ ቀለበቷን አውልቃ ለአክስቴ ሰጥታት ሄደች። አክስቴ አንድ ቀን አላጠለቀችውም። ቡሀቃ ውስጥ ይወድቅብኛል ትላለች። ጫልቱን ላገባ መሆኔን ስትሰማ ከሣጥኗ አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ለኔ ልጅ ሚስት ካልሆነ ለማን ይሆናል አለች። አልማዙ ደህና የሽምብራ ፍሬ ያህላል። ቀለሙ ግን የቀጠነ ሻይ ነው።

ሽማግሌ ልኬ ሳስጠይቅ ኦቦ ቱፋ ምን ይዞ ይመጣል አሉ። ሽማግሌዎቹ ቀለበቱን አሳዩ። ተቀብለው ወደ በሩ ሄዱ። ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። አልነከሱትም፤ ለዚያ እግዜርን አመሰገንን። ከዚያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብለው «ፍሬው ትልቅ ነው። ቢጫ ነው» አሉ። ቀለበቱን መለሱ። ሠርጉም ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተቆረጠ።

ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው መጡ። እኔ ግን ከሰማሁት ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው «ቢጫ ነው» የሚለው ብቻ ነው። በጤፍ ሕግ ነጩ ማኛ ነው፤ አንደኛ ነው። ሰርገኛው ከሱ በኋላ ነው የሚመጣው። ቢጫ አልማዝ እንግዲህ ስንተኛ ሊሆን ነው? ሰውዬው ነገሩን ለጥሎሹ ቀን አቆይተውታል ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ሕዝብ ፊት አውጥተው «ውሰዱልን» ሊሉኝ ነው። ጫልቱን አጣለሁ፤ እሷ ቀርታብኝ ስሜ «ባለቢጫው» ሊሆን ነው። እንቅልፍ አጣሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔ የጨነቀኝ አርመን ጋ ሄድኩ።

ሙሴ ጋራቤት ከጣቢያው ወረድ ብሎ ወርቅ ይሠራል። ዓይኑ ላይ የምትሰካ መስታወት ነበረችው፤ ሰክቷት ቀለበቱን አገላብጦ አየ። እንደገና ቢቆረጥ ቢጫነቱ ይለቃል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አይለቅም አለኝ። ቀለሙ ሥጋው ውስጥ ነው፤ እንደ ጉድፍ አይነሳም አለ። እንግዲያ መቁረጡ ምን ያደርጋል አልኩት። እንዳይታይ ያደርጋል አለኝ።

አልገባኝም። ሰውዬው ትዕግሥት ስለነበረው በደንብ አስረዳኝ። ይህ አልማዝ በድሮ እጅ የተቆረጠ ነው፤ ሆዱ ወፍራም ነው፤ ብርሃን ይገባና ውስጡ ሲንከራተት ቆይቶ ቢጫውን ይዞ ይወጣል። ሆዱ ተቀንሶ፣ ገጾቹ በልካቸው ካዘነበሉ ብርሃኑ እንደገባ ብልጭ ብሎ ይመለሳል። «እንግዳ ጓዳህ ገብቶ ካደረ የጎደለህን ሁሉ ያያል» አለኝ። «ደጅ ላይ አስተናግደህ ከሸኘኸው ግን ምን ያያል?» ደግሞ አልማዙ የተቀመጠው ከበስተጀርባው በወርቅ ተደፍኖ ነው፤ የወርቁ ቢጫ በቢጫው ላይ ይጨምርበታል፤ በብር ላይ ጀርባውን ክፍት አድርጌ አስቀምጥልሃለሁ አለ። ፊቱን ለሚያይ ሰው ነጭ ይመስላል። ዋጋው? ሲሶው በሞረድ ያልቃል። እዚህ የሚቆርጥ ስለሌለም በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ፈረንጅ አገር ይላካል።

ለአክስቴ ነገርኳት። ያ አርመን እኔን ቢያየኝ ደግሞ ጥቁር ነች ብሎ ሊያስፍቀኝ ነው አለች። እባክሽ አልኳት። የልጅቱ ነገር ይዞሃል አይደል አለች። ይዞኛል አልኩ። እንግዲያ ቁረጠው፣ እኔ ግን ሲቆረጥ አላይም አለች። ማን ያይ ነበር? አልማዙ ባሕር ተሻገረ፤ እኔም የዚያን ዓመት ሁዳዴ ሁለት ጾም ጾምኩ፤ አንዱን ለነፍሴ፣ አንዱን ለመርከቡ።

ደረሰ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው፣ ሠርጉ አራት ቀን ሲቀረው ደረሰ። ሙሴ ጋራቤት በብር ቀለበት ላይ አስቀምጦ አሳየኝ። አነስ ብሏል። ግን ነጭ ነው፤ የሚያብለጨልጭ ነጭ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ኦቦ ቱፋ ሆይ፣ እስቲ አሁን ምን ይወጣልዎታል አልኩ በሆዴ።

የጥሎሹ ቀን ሙሽራ አንገቱን ደፍቶ ከመቀመጥ በቀር መብት የለውም። መናገርማ ነውር ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ በቅንድቤ አያለሁ። ቀሚሱ ቀረበ፤ ኦቦ ቱፋ ስፌቱን ሳብ ሳብ አደረጉት፤ አለፈ። ካባው አለፈ። ጥላው ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተመረመረ፤ አለፈ። ቀለበቱ ቀረበ።

ተቀብለው ወደ በሩ ሄዱ። አዩት። ዞር አድርገው ደግመው አዩት። ተመልሰው መጡና ምንጣፉ ላይ አኖሩት።

«ይህ ያየሁት አይደለም» አሉ።

የኔ ሽማግሌ ያው ነው ማለት ጀመረ። እሳቸው ግን፣ ያየሁት ትልቅ ነው፤ ይህ ትንሽ ነው። ያየሁት ቢጫ ነው፤ ይህ ነጭ ነው። ናሙናው ሌላ፣ ጭነቱ ሌላ አሉ። ሽማግሌዬ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ነው ሲላቸው ነገሩ ባሰበት። ባሕር የተሻገረስ ለምንድን ነው? ሰው ያለውን አልማዝ ወደ ባሕር የሚልከው ሊሸጠው አይደለም ወይ አሉ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ኦቦ ቱፋ ተነሡ። ዕቃችሁን ሰብስቡ፤ መስታወት አምጥቶ አልማዝ ነው ለሚል ሰው ልጅ አልሰጥም አሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ ጫልቱ አለች። ሁሉን ትሰማለች። ሚዛንህ ያዳላል ያለችኝ ልጅ፣ አሁን እኔኑ አታላይ ብላ ልትቀር ነው። አፌን ልከፍት ስል ሚዜዬ ጭኔን ቆነጠጠኝ።

የተነሣው ሙሴ ጋራቤት ነው። ተጠርቶ መጥቶ ጥግ ላይ ጠጁን ሲጠጣ ነበር። ኦቦ፣ ይቅርታ፣ እርስዎ ያዩት ፊቱን ነው፤ ጀርባውን ይዩ አላቸው። የአክስቴን ነጠላ ጫፍ ዘረጋ። ቀለበቱን ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ነጠላው ላይ አስቀመጠና በክፍቱ ጀርባ በኩል ይመልከቱ አላቸው። ኦቦ ቱፋ ተንበረከኩ። አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቢጫው እዚያ አለ። የቀጠነ ሻይ፣ ነጭ ነጠላ ላይ ቁልጭ ብሎ። ገልብጠው ፊቱን አዩ፤ ነጭ። መልሰው ደፉት፤ ቢጫ። ስንት ጊዜ እንዳገላበጡት እንጃ፣ እኔ ግን በያንዳንዱ እሞትና እነሣ ነበር።

በመጨረሻ ቀና አሉና «ታዲያ ፊቱን ነው ያጠባችሁት» አሉ። አዎ አለ ሙሴ ጋራቤት። ለምን አጠባችሁት አሉ። ሽማግሌዬ፣ እርስዎ ቢጫ ነው ስላሉ አላቸው።

ኦቦ ቱፋ እንደዚያ ሲደነቁ አይቼ አላውቅም። ቢጫ ነው ያልኩት ቢጫ ስለሆነ ነው አሉ። ናሙና እጅህ ሲገባ መልኩን ጮክ ብለህ ትጠራለህ፤ ምስክር ይሰማል፤ ጭነቱ ሲመጣ አይለወጥም። ቀይ ስንዴ ቀይ ነው እላለሁ፤ ሰርገኛ ጤፍ ሰርገኛ ነው እላለሁ። ስድብ ነው እንዴ? እኔ እንዲያውም ቢጫነቱን ወድጄው ነበር። ይህን ብለው ወደኔ ዞሩ። አሁንም አንገቴን እንደደፋሁ ነኝ። ሲሶ አልማዝ በከንቱ ያስፈጨ ሰው ቂል ነው፤ አታላይ ግን አይደለም፤ ለቂል ልጅ ይሰጣል አሉ። ተቀብለናል አሉ። እልልታው ቀለጠ። ከኔ ይልቅ አክስቴ አለቀሰች።

እንግዲህ ተረቱ እዚህ ላይ ቢያልቅ፣ ያለህን እንዳለ አሳይ፣ ፊት ማጠብ ኋላ ያዋርዳል ብዬ እመክራችሁ ነበር። ግን ጫልቱን አግብቼ መምከር ይቻለኛል? በመልሱ ማግስት ብቻችንን ስንሆን ቀለበቱን ጣቷ ላይ አዙራ አዙራ አየችው። አመሰገነች። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀችኝ።

«ግርዱስ የት ገባ?»

የምን ግርድ አልኳት። ሲሶው ተሞረደ ብለዋል፤ ያ የተሞረደው የት ገባ አለችኝ። በነሱ ቤት እህል ሲነፋ የወጣው ግርድ የባለቤቱ ነው፤ ለዶሮም ቢሆን ተሰፍሮ ይመለሳል። ሙሴ ጋራቤት ጋ ሄጄ ጠየቅኩ። ከት ብሎ ሳቀ። ዱቄት ሆኖ ከሞረዱ ዘይት ጋር ተለውሶ ቀርቷል አለኝ። ተመልሼ ነገርኳት። ዱቄትም ቢሆን የኛ ዱቄት ነው አለች። ግርዳችንን መልሱ ብላ ለቆራጮቹ ደብዳቤ አስጻፈችኝ። ሙሴ ጋራቤት ወደ ፈረንጅኛ አዞረው፤ ደብዳቤው በባቡር ሄደ።

መልሱን ስንጠብቅ ጣሊያን መጣ። ባቡሩም፣ ፖስታውም፣ አገሩም ተመሰቃቀለ። እንግዲህ ሰው ሁሉ ጣሊያንን የሚወቅስበት የየራሱ ብዙ ነገር አለው። ጫልቱ አርጅታም የምትወቅሰው በአንድ ነገር ነው፤ ግርዷን አስቀርቶባታል።