ቀይዋ መኪና ልታስነሳኝ ስትታገል

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ብዬ ብተኛ፣ ትናንት ሌሊት ያየሁት ጉድ እስካሁን ያንቀጠቅጠኛል።

ጋራዡ ውስጥ በጀርባዬ ተዘርግቻለሁ። ከላዬ ያጎነበሰችው ቀይዋ ናት፤ ዱሮ ለእሽቅድድም የተሠራች፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠግናት የኖርኳት ባለ አንድ ወንበር መኪና። ቱታዬን ለብሳለች። የሸሚዜን ቁልፎች ፈታታችና ደረቴን እንደ ኮፈን ብድግ አድርጋ ከፈተችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት ደንግጬ።

"ዝም በል። ዛሬ ለሕዝብ ትታያለህ። ስታዲየሙን አንድ ዙር መሮጥ አለብህ።"

"በዚህ ጉልበቴ?"

"ካልሮጥክ ኮሚቴው መስታወት ሣጥን ውስጥ ሊያቆምህ ወስኗል። ለዘላለም።"

ለጉልበቴ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወጣን። ጉልበት በያይነቱ ተደርድሯል። ባለሱቁ፣ አንድ ገልባጭ መኪና፣ እግሬን ነካ ነካ አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

"የዚህ ሞዴል ሰው ዕቃ መመረት ካቆመ ቆየ" አለ። "ራስሽ ቀጥቅጠሽ ካልሠራሽለት!"

ቀጥቅጣ ሠራችልኝ። እኔም ለእሷ ስንቱን ብረት ቀጥቅጬ ገጥሜያለሁ፤ እንዲህ እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

ስታዲየሙ በመኪና ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም ጥሩምባውን ይነፋል። ቀይዋ ትኩስ አጃ እያጠጣች ታሞቀኝ ጀመር። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከረቫት ያሰረ ሚኒባስ፣ ሰዓቱን አየ።

"ይገፋ!" አለ።

"ሳይሞቅ ካስገፋችሁት ያልቃል!" ብላ ፊቴ ተገተረች። ራዲያተሯ ያነባል። ገፍትረዋት ገፉኝ። ሳል ብቻ ወጣኝ፤ ተሳሳቁብኝ።

"መስታወቱን አምጡ!"

መስታወቱ ከላይ ሲወርድብኝ እሪ ብዬ ነቃሁ።

ባለቤቴ ይርገዱ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ደግናለች። "ያ የትርኢቱ አስተባባሪ ነው" አለችኝ። የአሮጌ እሽቅድድም መኪኖች ትርኢት ዛሬ ነው፤ ቀይዋን ትናንት አስረክቤ፣ ጠዋት ሄጄ በእጄ ላስነሳት ቀጠሮ ነበረን።

"ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ቀይዋ አዳራሹ መሀል ጉብ ብላለች።"

"ማን አስነሳት?" ብዬ ጮህኩ።

"ኧረ መነሳት ምን ያደርግላታል! አዲሱ ምንጣፍ ላይ ዘይት እንዳታንጠባጥብ ሞተሯን አውጥተን ነው ያስገባናት። ግን ሕዝቡ ድምጿን ካልሰማ ቅር ይለዋል። ድምጿን ደግሞ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ጋሼ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ማይክሮፎን አዘጋጅተንልዎታል።"